ተጓዳኝ ልብወለድ ምንድን ነው?

በፊልም፣ በቴሌቪዥን ድራማ ወይም በቪዲዮ ጌም የታወቀን ዓለምና ገጸ ባሕርያት ይዞ፣ በባለመብቱ ፈቃድ የሚጻፍ ልብወለድ ተጓዳኝ ልብወለድ ይባላል። አንዳንዱ የፊልሙን ታሪክ በመጽሐፍ መልክ ይተርካል፤ ሌላው ፊልሙ ያልነካውን አዲስ ታሪክ ይዞ ይመጣል።

ፈቃድ ካለ ገደብ አለ። ደራሲው በተከራየው ቤት እንደሚኖር ሰው ነው፤ ግድግዳ ማፍረስ አይችልም። ዋናውን ጀግና ቢገድል ባለመብቱ አይፈቅድለትም። የቅጂ መብቱም ብዙውን ጊዜ የኩባንያው ነው። አላን ዲን ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1978 ያሳተመው የስታር ዋርስ (የታወቀው የጠፈር ፊልም) ልብወለድ «ስፕሊንተር ኦቭ ዘ ማይንድስ አይ» ውስጥ ከፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርያት ሉክና ሌያ አሉ፤ ሃን ሶሎ ግን የለም። ታሪኩ በትንሽ በጀት ሊቀረጽ የሚችል ተከታይ ፊልም እንዲወጣው ታስቦ ስለተጻፈና ሃን ሶሎን የተጫወተው ሃሪሰን ፎርድ ለቀጣዩ ፊልም ገና ስላልፈረመ ነው። ጉም የለበሰችው ፕላኔትም የተመረጠችው ለቀረጻ ወጪ ስለማታበዛ ነበር።

ብዙ አንባቢ ይህን ሲሰማ መጻሕፍቱን ይንቃል። እኔ አልስማማም። በቅርቡ ካነበብኳቸው ውስጥ ልቤን የወሰደው አይዛክ አሲሞቭ ከዚያው ስም ፊልም ጽሑፍ ተነስቶ በ1966 ያሳተመው «ፋንታስቲክ ቮዬጅ» ነው። አንድ የሕክምና ቡድን ከነሰርጓጅ መርከቡ በዓይን የማይታይ ያህል አንሶ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የረጋበት ሳይንቲስት ደም ሥር ውስጥ ይገባል። ያለው ጊዜ 60 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። በፊልሙ መጨረሻ ነጭ የደም ሕዋስ መርከቧን ይውጣታል፣ የተረፉት በዓይን በኩል ይወጣሉ፣ መርከቧ እዚያው ትቀራለች። ታዲያ ስብርባሪዋ ተመልሶ ሲያድግ በሽተኛውን አይገድለውም? አሲሞቭ ይህን አላለፈውም፤ በእሱ መጽሐፍ ሰዎቹ ሕዋሱን ከነዋጠው ብረት አስከትለው ይወጣሉ። መጽሐፉ ከፊልሙ ቀድሞ ስለወጣ ፊልሙ ከእሱ የተቀዳ የመሰላቸውም ብዙ ናቸው።

የፊልሙን ንግግር ቃል በቃል ገልብጠው «አለ፣ አለች» የሚጨምሩትን ግን ጊዜ ያላችሁ እንኳ ብትተዉአቸው ይሻላል። ፊልሙን ያየ ሰው ከእነሱ የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም።

ከሁሉ የምወደው ደራሲው የራሱን ሰው ሲፈጥር ነው፤ በዚያ ሰው ላይ ሙሉ ነጻነት ባይኖረውም የተሻለ ሥልጣን አለው። ቲሞቲ ዛን በ1991 ለስታር ዋርስ የፈጠረው አድሚራል ትሮን ጠላቱን በጉልበት ሳይሆን የሕዝቡን ሥነ ጥበብ አጥንቶ የሚያሸንፍ አዛዥ ነው። በ2014 የስታር ዋርስ ባለመብት የሆነው ሉካስፊልም የቀድሞዎቹን ልብወለዶች ከይፋዊው ታሪክ ውጭ ሲያደርጋቸው ትሮንም አብሮ ወጥቶ ነበር። በ2016 በአንድ የስታር ዋርስ አኒሜሽን ተከታታይ መለሱት፤ በ2023 ደግሞ በሰው ተዋናይ በሚሠራ ድራማ አቀረቡት።