በሲ ቋንቋ ስለሚጻፉ የዲበግ ማክሮዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የዲበግ ማክሮ ማለት ስሕተት ለመፈለግ መልእክት የሚያወጣ፣ እንደ አስፈላጊነቱ የሚከፈትና የሚዘጋ የኮድ አቋራጭ ነው።

«ዲበግ ሲዘጋ መስመሩ ከኮዱ ጭራሽ ቢወጣ ይሻላል።»
በኢፍዴፍ (ኮድን በሁኔታ በሚያስገባና በሚያስወጣ ትእዛዝ) የታጠረ የዲበግ መስመር፣ ዲበጉ ሲዘጋ ኮዱን አስቀድሞ የሚያዘጋጀው ፕሪፕሮሰሰር ስለሚያስወግደው፣ ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚተረጉመው ኮምፓይለር ዘንድ አይደርስም፤ ስለዚህ ስሕተት ቢኖርበትም የሚናገር የለም። ይህን የተረዳሁት ኮምቦልቻ ላለ አንድ ፋብሪካ የመኪና ሚዛን የሚያነብ ፕሮግራም ጽፌ ሳለ ነው። «ክብደት» የተባለውን ተለዋዋጭ «የተጣራ_ክብደት» ብዬ ከሰየምኩት ከወራት በኋላ ሚዛኑ የተዛባ ቁጥር ያወጣል ተብዬ፣ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ዲበጉን ብከፍተው ፕሮግራሙ ኮምፓይል አልሆን አለ፤ ለካ አሮጌውን ስም የያዙ መስመሮች ማንም ሳያያቸው ተቀምጠው ኖረዋል። የሚዛኑን ችግር ትቼ የራሴን ኮድ ሳክም መሸብኝ። አሁን ማክሮው ውስጥ ተራ ኢፍ («ከሆነ» የሚለውን ትእዛዝ) አስገባለሁ፤ ዲበግ ሲዘጋ የኢፉ ቅድመ ሁኔታ ዜሮ (ሐሰት) ይሆናል እንጂ መስመሩ አይጠፋም፤ ኮምፓይለሩም በየጊዜው ይመረምረዋል።

«እንዲህ ከሆነ ፕሮግራሙ ይከብዳል።»
ቅድመ ሁኔታው ቋሚ ዜሮ እስከሆነ ድረስ፣ ጂሲሲም ሆነ ክላንግ የተባሉት ኮምፓይለሮች ኮዱን የሚያቀላጥፈው የማሻሻያ ደረጃ ሲከፈት የማይደረስበትን ክፍል ቆርጠው ይጥሉታል። ፕሮግራሙ እየሠራ የሚቀያየር የዲበግ ደረጃ ከተፈለገ ግን ኮዱ ይቀራል፤ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ንጽጽር ነው።

«ኢፍ ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም።»
ማክሮውን የሚጠቀም ሰው በራሱ ኢፍ ሥር ቅንፍ ሳያደርግ ጽፎት ኤልስ («አለበለዚያ») ቢያስከትል፣ ኤልሱ የሚጣበቀው ከማክሮው ኢፍ ጋር ነው። በመሆኑም ማክሮው አንድ ጊዜ ብቻ በሚዞረው ዱ-ዋይል ዜሮ ይጠቀለላል፤ መጨረሻው ላይ የሚመጣው ሰሚኮለን (;) ግን ማክሮውን ለሚጠራው ይተዋል።

«የዲበግ መስመር የፕሮግራሙን ሥራ አይነካም።»
አንድ ሰው በማክሮው ቅንፍ ውስጥ «ቆጣሪ++» ብሎ ከጻፈ፣ ዲበግ ሲዘጋ ቆጣሪው መጨመሩን ያቆማል። ዲበግ ሲከፈት የሚጠፋ፣ ሲዘጋ የሚመለስ ስሕተት ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምፈትሸው ይህንን ነው።

«መልእክቱን ጽሑፍ በሚያወጣው ተራ ፕሪንትኤፍ ማውጣት ይበቃል።»
ፕሪንትኤፍ የሚጽፍበት መደበኛው ውጤት ወደ ፋይል ሲዞር በቋት (በጊዜያዊ ማከማቻ) ስለሚጠራቀም፣ ፕሮግራሙ ድንገት ሲወድቅ ቋቱ ውስጥ የቀሩት የመጨረሻ መልእክቶች አብረው ይጠፋሉ፤ እኛ የምንፈልጋቸው ግን እነሱን ነው። ለስሕተት መልእክቶች የተለየው የስሕተት መውጫ እንደዚያ አያጠራቅምም፤ መልእክቱ ወደዚያ ይሂድ። የፋይሉን ስም፣ የመስመሩን ቁጥርና የፈንክሽኑን ስም ማክሮው ራሱ ይጨምር፤ የፈንክሽን ስምን የሚሰጠው መለያ እና ብዛታቸው ያልተወሰነ ግብዓቶችን የሚቀበሉ ማክሮዎች እ.ኤ.አ. ከ1999 የሲ ደረጃ ጀምሮ አሉ።