ባንዳ ማነው? የሚባለውና የነበረው

ዛሬ ሰው በፖለቲካ ሐሳብ ሲለያይ ቶሎ ከሚለጣጠፋቸው ስሞች አንዱ «ባንዳ» ነው። ስለ ቃሉ ከሚባሉት ጥቂቶቹን ላንሣ፤ ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

«ባንዳ ከጥንትም ከሃዲ ማለት ነው።»
ቃሉ የጣሊያንኛ ነው። ከመደበኛው ጦር ውጭ፣ ከአገሬው ተመልምሎ ለጣሊያን የሚዋጋ ቡድን ይጠራበት ነበር (የሙዚቃ ጓድንም በዚሁ ቃል ይጠሩታል)። ለቀጣሪዎቹ የሥራ ስም ነው፤ ስድብ ያደረገው የተወረረው ሕዝብ ነው፣ ያውም በቂ ምክንያት ነበረው።

«የመጣው በአምስቱ ዓመት ወረራ ነው።»
ኤርትራ ውስጥ ቀድሞ ነበር። ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ ለጣሊያን ባንዳ ይመሩ ነበር፤ በ1887 ግን ጣሊያን የገበሬውን መሬት ሲነጥቅ ሸፍተው ሐላይ ላይ ሲዋጉ ወደቁ። ታዲያ ምን እንበላቸው?

«አስካሪና ባንዳ አንድ ናቸው።»
አይደሉም። አስካሪ በሻለቃ የተደራጀ መደበኛ የቅኝ ግዛት ወታደር ነው።

«ጣሊያን ቤት የሠራ ሁሉ ባንዳ ነበር።»
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ከሞገስ አስገዶም ጋር ሆኖ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወረው አብርሃ ደቦጭ የጣሊያን አስተዳደር ሠራተኛ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ያየው ጎረቤት ምን ይለው እንደነበር መገመት አያዳግትም። «የውስጥ አርበኛ» የሚባሉት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ በጠላት ከተማ እየኖሩ ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት ወደ ዱር የሚያሾልኩ። ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ይህን ከአዲስ አበባ ሆነው ሲሠሩ ተይዘው ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ድረስ ተወስደው ታስረዋል። በየጊዜው ለጣሊያን ገብቶ መሣሪያውን ይዞ ወደ ዱር የተመለሰም አለ። ደመወዙን ብቻ ያየ ሰው ማን ለማን እንደቆመ አያውቅም ነበር።

«የባንዳ ልጅ ባንዳ ነው።»
ከአንድ ቤት አንዱ ወንድም ዱር፣ ሌላው ጣሊያን ቤት በገባበት አገር ይህ ክርክር አያስፈልገውም።

«ከነፃነት በኋላ ባንዳ ተቀጣ፣ አርበኛ ተሾመ።»
ቢሆን ደስ ይል ነበር። በ1928 መጀመሪያ ለጠላት የገባው የንጉሠ ነገሥቱ አማች ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ ለብዙ ዓመት ታስሯል። ለጣሊያን ገብተው የነበሩት ራስ ሥዩም መንገሻ ግን ተመልሰው ትግራይን ገዝተዋል። ጣሊያንን ጎጃም ላይ ያስጨነቀው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ደግሞ በ1937 አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጣ። አብሮት የተሰቀለው ልጅ ማሞ ኃይሉ በወረራው ዘመን ለጣሊያን ባንዳ ይመራ የነበረ ነው።