ሀብታሟ ካሊፎርኒያ ብትገነጠል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ካሊፎርኒያ ራሷን የቻለች አገር ብትሆን ኖሮ በኢኮኖሚዋ ስፋት ከዓለም የመጀመሪያዎቹ አምስት አገሮች ተርታ ትሰለፍ ነበር፤ ሕዝቧም ወደ 39 ሚሊዮን ይጠጋል። ስለዚህም አብዛኛው ነዋሪዋ ያልመረጠው አስተዳደር ዋሽንግተን በገባ ቁጥር «ለምን አንገነጠልም?» የሚለው ጥያቄ ያገረሻል። ከ2016ቱ ምርጫ በኋላ ተነሥቶ ነበር፤ በ2025 መጀመሪያ ላይም ጉዳዩን በ2028 ለመራጩ ለማቅረብ ፊርማ እንዲሰበሰብ ተፈቅዶ ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ቅሬታው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ሕዝቧ 600 ሺህ የማይሞላው ዋዮሚንግ በሴኔቱ ሁለት መቀመጫ ሲኖራት የካሊፎርኒያም ድርሻ ያው ሁለት ነው። ሆኖም መገንጠል ለዚህ ቅሬታ መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም፤ ለመገንጠል የሚቀርቡት ዋና ዋና ክርክሮችም ሲመረመሩ ብዙዎቹ በተሳሳተ ግንዛቤ ላይ የቆሙ ሆነው ይገኛሉ።

«ሕዝቡ በድምፅ ከወሰነ ግዛቲቱ መውጣት ትችላለች»

አትችልም። ቴክሳስ በእርስ በርስ ጦርነቱ ወቅት የተሸጡባትን የፌዴራል መንግሥት ቦንዶች ለማስመለስ በመሠረተችው ክስ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1869 ውሳኔ ሰጥቷል። ጉዳዩ የገንዘብ ይምሰል እንጂ፣ ዳኞቹ አስቀድመው መመለስ የነበረባቸው ጥያቄ ቴክሳስ በጦርነቱ ጊዜ በእርግጥ ከአገሪቱ ወጥታ ነበር ወይ የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ቴክሳስ ለአንድ ቀን እንኳ ግዛትነቷን እንዳላጣች፣ መገንጠሏን ያወጀችበት ሰነድም ከመነሻው ዋጋ ቢስ እንደነበረ፣ ከኅብረቱ መውጣት የሚቻለውም በአብዮት ወይም በሌሎቹ ግዛቶች ስምምነት ብቻ እንደሆነ በየነ። የካሊፎርኒያ የራሷ ሕገ መንግሥትም በሦስተኛው አንቀጽ የመጀመሪያ ክፍል ላይ፣ ግዛቲቱ የማትነጠል የአሜሪካ አካል መሆኗን በግልጽ ይደነግጋል።

ድምፅ ብቻውን የትም እንደማያደርስ ከምዕራብ አውስትራሊያ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅም። የዚያ ግዛት መራጮች በኤፕሪል 1933 ሁለት ሦስተኛ በሆነ ድምፅ መገንጠልን ደግፈው አቤቱታቸውን እስከ ለንደን ድረስ ላኩ፤ የብሪታንያ ፓርላማ ግን በ1935 ያለ አውስትራሊያ መንግሥት ፈቃድ ጉዳዩን ማየት እንደማይችል በመግለጽ ሳይቀበለው ቀረ። ምዕራብ አውስትራሊያ ዛሬም የአውስትራሊያ ግዛት ናት።

«ካሊፎርኒያ ቀድሞም ነጻ አገር ነበረች»

ባንዲራዋ ላይ ከድቡ ሥር «የካሊፎርኒያ ሪፐብሊክ» የሚል ጽሑፍ ስላለ ብዙ ሰው ይህን ያምናል። ያ ሪፐብሊክ በጁን 1846 ጥቂት አሜሪካውያን ሰፋሪዎች በሶኖማ ከተማ በሜክሲኮ አስተዳደር ላይ ተነሥተው ያወጁት ሲሆን፣ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላው የአሜሪካ ባንዲራ ተተክቶበታል። ዕውቅና የሰጠው መንግሥት አልነበረም።

«ገንዘባችን እየወጣ ሌላውን ይቀልባል፤ ብንለይ ሁሉም ለእኛ ይቀርልናል»

ይህ ከሁሉም በላይ የተስፋፋውና ከፊል እውነት ያለው አመለካከት ነው። በብዙ ዓመታት ከካሊፎርኒያ ለፌዴራል መንግሥት የሚገባው ግብር ከፌዴራል መንግሥት ከሚመለሰው ይበልጣል፤ በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ግን የእርዳታው ገንዘብ ሲጎርፍ ሚዛኑ ተገልብጦ ነበር። ዳሩ ግን ግብሩን የምትከፍለው «ካሊፎርኒያ» የምትባል አንዲት ባለጸጋ አይደለችም፤ ግለሰቦችና ኩባንያዎች ናቸው፤ ከፍተኛ ገቢ ያለው ሰው የትም ቢኖር ከፍ ያለ ግብር ይከፍላል። በዚያው ግዛት ውስጥ ደግሞ ከሦስት ነዋሪዎች አንዱ የሚታከመው ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች በተቋቋመው የጤና መድን ነው፤ የዚህን መድን ወጪ ከግማሽ በላይ የሚሸፍነውም የፌዴራሉ መንግሥት ነው። ተቀባዩ ሁልጊዜ ድንበር ማዶ ያለ ሰው ነው የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ይፈርሳል።

ሀብቱ እንዴት እንደመጣ ማስታወስም ይገባል። የካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ማዕከል በሆነው በሲሊከን ቫሊ በሚገኘው ፌርቻይልድ ኩባንያ የተሠሩት የመጀመሪያ ትውልድ ማይክሮቺፖች ገና ውድ በነበሩበትና ሌላ ገበያ በጠፋበት ጊዜ፣ በብዛት ከገዟቸው መካከል ሰው ወደ ጨረቃ ለማድረስ የተነሣው የአፖሎ መርሐ ግብር ይገኝበታል። የኢንተርኔት ቀዳሚ በሆነው መረብ የመጀመሪያው መልእክት በኦክቶበር 1969 ከሎስ አንጀለስ ወደ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም ሲላክ፣ ሁለቱም ጫፎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ቢሆኑም ገንዘቡ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ነበር። ይህ ሁሉ ከሃምሳውም ግዛቶች በተሰበሰበ ግብር የተሠራ ነው፤ ያለ ቀረጥ የሚሸጥበት ገበያም የሃምሳዎቹ ግዛቶች የጋራ ገበያ ነው።

ዕዳም አለ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዕዳ በ2025 ከ36 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል። ቼክና ስሎቫክ በ1993 ሲለያዩ የጋራውን ሀብት በአመዛኙ በሕዝብ ብዛት ሁለት ለአንድ ተካፍለዋል። በዚሁ ስሌት ከአገሪቱ ሕዝብ ከአሥር ሰዎች ከአንድ በላይ የሆነው የካሊፎርኒያ ነዋሪ አራት ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ይደርሰዋል፤ ይህም የግዛቲቱን የአንድ ዓመት ጠቅላላ ምርት የሚያህል ነው። አዲሲቱ አገር ይህን ዕዳ ተሸክማ፣ የገንዘብ ምንዛሬዋን፣ መከላከያዋን እና የጡረታ ሥርዓቷን ከዜሮ መጀመር ይኖርባታል።

«ራሷን ትችላለች፤ የሚጎድላት የለም»

ውኃ ይጎድላታል። የደቡብ ካሊፎርኒያ ትልቁ የውጭ የውኃ ምንጭ የሆነው የኮሎራዶ ወንዝ የሚነሣው ከሮኪ ተራሮች ነው፤ የወንዙን ውኃ የሚያጠራቅመው ሁቨር ግድብም በኔቫዳና በአሪዞና መካከል ይገኛል። ካሊፎርኒያ ከዚህ ወንዝ በዓመት ወደ 5.4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የማግኘት መብት ያላት በ1922 ሰባት ግዛቶች ካደረጉት ስምምነትና ከዚያ በኋላ ከተከተሉት የፌዴራል ሕጎችና ፍርዶች የተነሣ ነው። በክረምት አትክልት የምታመርተው በረሃማዋ ኢምፔሪያል ሸለቆ ያለዚህ ወንዝ እርሻ አይኖራትም። በሰሜን ያለው ግዙፉ የሻስታ ግድብም የፌዴራል መንግሥት ንብረት ነው። ካሊፎርኒያ በወጣች ማግስት እንደ ሜክሲኮ የወንዙ የታችኛው ተፋሰስ የውጭ አገር ትሆናለች፤ የሜክሲኮ ድርሻ በ1944ቱ ውል በዓመት ወደ 1.85 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ እሱም የተገኘው ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ ነው።

የመገንጠል ደጋፊዎች በዚህ ጊዜ ሲንጋፖርን ይጠቅሳሉ። ሲንጋፖር ግን በ1965 ከማሌዥያ የወጣችው ሀብታም ሆና በራሷ ፈቃድ ተገንጥላ ሳይሆን ተገፍታ ነው፤ ከጎረቤቷ ጆሆር የምትቀዳው ውኃም ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሁለቱ አገሮች የጭቅጭቅ ምንጭ ሆኖ ዘልቋል።

«ካሊፎርኒያውያን አንድ ዓይነት አመለካከት አላቸው፤ ቢወጡ ከማይስማማቸው ፖለቲካ ይገላገላሉ»

በ2020ው ምርጫ ዶናልድ ትራምፕ ብዙ ድምፅ ያገኙት ከቴክሳስም ከፍሎሪዳም ሳይሆን ከካሊፎርኒያ ነው፤ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው መርጧቸዋል። በሰሜን የሚገኙ ወረዳዎች ከካሊፎርኒያ ተለይተው «ጄፈርሰን» የሚባል ግዛት ለማቋቋም ከ1941 ጀምሮ በየጊዜው ሲጠይቁ ኖረዋል። የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሳክራሜንቶ ከዋሽንግተን የመለየት መብት ካላት፣ እነሱ ከሳክራሜንቶ እንዳይለዩ የሚከለክላቸው መርህ የቱ እንደሆነ የሚነግረኝ ተገንጣይ እስካሁን አላገኘሁም።

የሚወጡት ቢገላገሉ እንኳ የሚቀሩት አይገላገሉም። ፕሬዚዳንቱን የሚወስነው ለየግዛቱ የተመደበው የምርጫ ድምፅ ሲሆን፣ ካሊፎርኒያ ከዚህ 54 ድምፅ፣ በተወካዮች ምክር ቤትም 52 መቀመጫ አላት። እነዚህ ሲወጡ፣ በሌሎቹ ግዛቶች የሚኖሩና ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸው ሚሊዮኖች ዋነኛ አጋራቸውን ያጣሉ፤ ለዚህም ነው መገንጠልን የአቋም ጽናት አድርጎ ማቅረቡን የማልቀበለው። ቅሬታውን ከውስጥ ሆኖ ለመፍታት የተጀመረ መንገድ ደግሞ አለ። ግዛቶች የምርጫ ድምፃቸውን በመላ አገሪቱ አብላጫ ድምፅ ላገኘው እጩ ለመስጠት የሚዋዋሉበትን ስምምነት ካሊፎርኒያ በ2011 ተቀብላለች፤ ስምምነቱ የሚጸናው የፈራሚዎቹ ድምፅ ሲደመር ፕሬዚዳንት ለመሆን የሚበቃው 270 ሲደርስ ነው፤ ከእስካሁኖቹ ፈራሚዎች መካከልም የካሊፎርኒያን ያህል ድምፅ ያዋጣ የለም።