«ፊርማ ብቻ እኮ ነው» ለምትሉ ሁሉ

ጥብቅና ከጀመርኩ ወዲህ አንድ አባባል ጆሮዬን አሰልችቶታል። «ዋስ ሁነኝ አለኝ፣ ፈረምኩለት። ፊርማ ብቻ እኮ ነው።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ቢሮዬ የሚመጡት መጥሪያ ይዘው ነው። ወደ እሱ ከመግባቴ በፊት ሌሎች የምሰማቸውን የተሳሳቱ አባባሎች ቶሎ ቶሎ ልመልስ።

«ቤቱ በስሜ ስለሆነ የግሌ ነው።» አይደለም። በትዳር ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ ካርታው በአንዳችሁ ስም ቢሆንም፣ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው።

«ለጓደኛዬ በቃል አበደርኩት፣ ምስክር ግን አለኝ።» ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በምስክር አይረጋገጥም። ጽሑፍ ያስፈልጋል። ያለዚያ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም መሐላ ካልተፈጸመ በቀር አለቀ።

«ሱቁን ስለዘጋሁ ግብር አይመለከተኝም።» በር መዝጋት ብቻውን ምንም አያደርግም። ንግድ ፈቃዱን መልሱ፣ ለግብር ቢሮውም አሳውቁ። ዝም ባላችሁ ቁጥር ቅጣቱ ይቆጥራል።

«ባሌ ቢሞት ወራሹ እኔ ነኝ።» ኑዛዜ ከሌለ በእኛ ሕግ የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም። የጋራ ንብረቱ ግማሽ ድሮም የሚስት ነው። የባል ድርሻ ግን ለልጆቹ እኩል ይከፋፈላል። ሚስቴ ትውረሰኝ የሚል ሰው በጤናው ሳለ ይናዘዝ።

አሁን ወደ ዋስ። ብዙ ሰው ዋስትናን እንደ ምስክርነት ነው የሚያየው። «ልጁን አውቀዋለሁ፣ ጨዋ ነው» ብሎ የመመስከር ያህል። ዋስ ግን ምስክር አይደለም። ሌላው ካልከፈለ የሚከፍል ባለዕዳ ነው።

«ቢሆንም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው» ይሉኛል። ይኼ በውሉ ይወሰናል። ተራ ዋስ ከሆናችሁ «አስቀድሞ የባለዕዳው ንብረት ይታይ» ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ። ውሉ «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ቃል ካለበት ግን ባለገንዘቡ ባለዕዳውን ትቶ በቀጥታ እናንተን ሊከስ ይችላል።

አንድ መምህር ደንበኛ አለኝ። የአክስቱ ልጅ አንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ሲቀጠር ዋስ ሆነው። ዕቃ ጎደለ። ልጁ ስልኩን አጥፍቶ ተሰወረ። መምህሩ የውሉን ኮፒ አራት ቦታ አጥፎ በሸሚዝ ኪሱ ይዞልኝ መጣ። ዘርግቼ ሳነበው ሦስተኛው መስመር ላይ «በአንድነትና በነጠላ» ይላል። የገንዘቡ ልክም በፊደል ተጽፏል። «አንብበኸው ነበር?» አልኩት። «ውልና ማስረጃ ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ቸኩለን ነው የፈረምነው» አለኝ። ተፈረደበት። እስከ ዛሬ ከደመወዙ አንድ ሦስተኛው በየወሩ ይቆረጣል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ሰልፉ ቢረዝምም አንብቡ። መጀመሪያ የገንዘቡን ልክ ፈልጉ። ዋስትናው እስከ ስንት ብር እንደሆነ ካልተጻፈ አይጸናም። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1922 ይህንኑ ይላል። ልኩ የሚጻፍበት ቦታ ክፍት ሆኖ ከመጣላችሁ ግን «ይፈርሳል» ብላችሁ አትፈርሙ፤ ማን ምን እንደሚሞላበት አታውቁም። ቀጥሎ «በአንድነትና በነጠላ»ን ፈልጉ። ካለ ይሰረዝልኝ በሉ። አይሰረዝም ካሏችሁ፣ ያንን ገንዘብ ነገ ከኪሴ አውጥቼ እከፍላለሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ ተማከሩ። የቤተሰብ ሕጉ ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለታችሁን ስምምነት ይጠይቃል። ዘመድ ቢቀየም ይቀየም።

ፈርማችሁ መክፈል የጀመራችሁ ደግሞ ማስረጃውን አትጣሉ። የከፈለ ዋስ በባለገንዘቡ ቦታ ተተክቶ ባለዕዳውን መጠየቅ ይችላል። መምህሩ ተቀናሹ የሚታይበትን የደመወዝ ወረቀት በየወሩ እያመጣ ይሰጠኛል፣ እኔም ፋይሉ ውስጥ አስገባዋለሁ። ልጁ የተገኘ ቀን ክስ የምንመሠርተው በእነዚያ ወረቀቶች ነው።