«ኢዝ_ሬዲ» የማይነግራችሁ ነገር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ የላብ ኮምፒውተሮችን ኢሜጅ (የዲስክ ሙሉ ቅጂ የያዘ ፋይል) በፓይተን ስክሪፕት ለምታዘጋጁ፦ ሊብጌስትኤፍኤስ፣ ማለትም ኢሜጅ ውስጥ ያለውን ለማየትና ለመቀየር የሚያገለግለው ላይብረሪ፣ የዲስክ ኢሜጁን የሚከፍተው ኪውኢሙ በተባለው ፕሮግራም ትንሽ ቨርቹዋል ማሽን አስነስቶ ነው። ሁኔታውን የሚጠይቁ ሜተዶች አሉት፦ ኢዝ_ኮንፊግ (ገና ሳይነሣ እየተዋቀረ ነው?)፣ ኢዝ_ላውንቺንግ (እየተነሣ ነው?)፣ ኢዝ_ሬዲ (ትእዛዝ ለመቀበል ዝግጁ ነው?)። ስማቸው ግልጽ ስለሚመስል ሰነዱን የሚያነብ ጥቂት ነው።

«ኢዝ_ሬዲ ትሩ ካለ ማሽኑ እየሠራ ነው»

የግድ አይደለም። ሜተዱ ኪውኢሙን ሄዶ አይጠይቅም፤ ሃንድሉ (ስክሪፕታችሁ ሊብጌስትኤፍኤስን የሚያዝበት ኦብጀክት) ላይ የተመዘገበውን ብቻ ያነባል። ከላውንች (ማሽኑን ከሚያስነሣው ሜተድ) በኋላ በሌላ ተርሚናል ኪውኢሙን ብትገድሉት ኢዝ_ሬዲ አሁንም ትሩ ሊላችሁ ይችላል። ቀጥሎ ሊስት_ፋይልሲስተምስን ስትጠሩ ነው መስመሩ መቋረጡ የሚታወቀው፤ ያኔ ረንታይምኤረር ይመጣል፣ ሃንድሉም ወደ ኮንፊግ ይመለሳል። ስለዚህ ትራይ እና ኤክሴፕት አይቀርም።

«ላውንች ካልን በኋላ ሬዲ እስኪሆን በሉፕ እንጠብቅ»

ላውንች ራሱ ጠብቆ ነው የሚመለሰው። ሉፑን አጥፉት። ኢዝ_ቢዚንም እርሱት፣ ሁልጊዜ ፎልስ ነው።

«ሬዲ ካለ ኢሜጁን ሌላ ማሽን አልያዘውም»

ብዙ ኢሜጅ የሚያበላሸው ይሄ ነው። ሬዲ የሚናገረው ስለ ሃንድሉ እንጂ ስለ ዲስኩ አይደለም። ተነሥቶ እየሠራ ያለ ቨርቹዋል ማሽን ኢሜጅ ላይ ከጻፋችሁ ፋይል ሲስተሙ ይበላሻል። ለማየት ብቻ ከሆነ ኢሜጁን በምትጨምሩበት ሜተድ፣ አድ_ድራይቭ_ኦፕትስ ላይ፣ ሪድኦንሊ=1 ስጡ።

«ከክሎዝ በኋላ ኢዝ_ሬዲ ፎልስ ይላል»

ምንም አይልም፣ ኤረር ይወረውራል፦ ክሎዝድሃንድል፣ የቫሊውኤረር ልጅ። ወደ ኮንፊግ የሚመልሰው ማሽኑን የሚያጠፋው ሜተድ፣ ሸትዳውን፣ ነው። ጽፋችሁ ከሆነ ከክሎዝ በፊት ሸትዳውንን ጥሩት፤ ዳታው ዲስኩ ላይ ሳይወርድ ቢቀር ኤረሩን የምታዩት እዚያ ነው።

«አዲስ ሜተድ ለመጨመር የሊብጌስትኤፍኤስን የፓይተን ፋይል ማስተካከል ይበቃል»

ያ ፋይል በጄኔሬተር (ኮድ በሚጽፍ ፕሮግራም) የሚመረት ነው፤ በእጅ የጨመራችሁት በሚቀጥለው ቢልድ ይጠፋል። ሜተዱ የሚገባው ኦካምል በተባለ ቋንቋ በተጻፈው ጄኔሬተር ውስጥ ነው፤ እንደ ኢዝ_ሬዲ ላለ ሜተድ የመልሱ ዓይነት አርቡል (ትሩ ወይም ፎልስ)፣ ብሎኪንግ ደግሞ ፎልስ ይሁን፤ ሜሞሪ ብቻ ለሚያነብ ጥሪ የፓይተንን ጂል (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ እንዲሠራ የሚያደርገውን ቁልፍ) መልቀቅ አያስፈልግም። የራሳችሁን ባይንዲንግ (ላይብረሪውን ከፓይተን የሚያገናኝ ኮድ) በእጅ የምትጽፉ ከሆነ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ በሲ ቋንቋ የተጻፈው ፈንክሽን ሲሳካ 0 ወይም 1፣ ሲከሽፍ -1 ይመልሳል። -1ን ወደ ኤረር ሳትቀይሩ ብታሳልፉት ፓይተን ዜሮ ያልሆነን ቁጥር ሁሉ ትሩ ስለሚል፣ የከሸፈው ጥያቄ «ሬዲ ነው» ብሎ ይመለሳል።