ሊየን ጃክሰን፦ ከልብስ መደብር ወደ ሰንጠረዡ አናት

ዊትበርን በኤድንብራና በግላስጎው መካከል የምትገኝ የስኮትላንድ ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ 10 ሺህ ቢሆኑ ነው። ድሮ እንጀራዋ የድንጋይ ከሰል ነበር። ፖልኬሜት የሚባለው ማዕድን ማውጫ በ1984ቱ የማዕድን ሠራተኞች አድማ ጊዜ ውሃ ሞላው፤ ከዚያ በኋላም ተዘጋ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) በ2007 ኤክስ ፋክተር የተባለውን የብሪታንያ የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ያሸነፈው ሊየን ጃክሰን የዚህች ከተማ ልጅ ነው። የተወለደው ዲሴምበር 30 ቀን 1988 ሲሆን ያሳደገችው እናቱ ናት፤ ብቻዋን።

በ2007 ገና 18 ዓመቱ ነበር። የሚሠራው ልብስ መደብር ውስጥ ነው፣ ሻጭ ሆኖ። መዝፈን የጀመረው በካራኦኬ ሲሆን ይህ ነው የሚባል የመድረክ ልምድ አልነበረውም። የሚወደው የካናዳዊውን ዘፋኝ የማይክል ቡብሌን ዓይነት ለስለስ ያለ ዘፈን ነው። የእሱ እኩዮች ከሚሰሙት ይልቅ አያቶቻቸው የሚወዱት ዓይነት ማለት ይቻላል። ኋላ ላይ እንደታየው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስቦ ስልክ እየደወለ ለተወዳዳሪዎቹ ድምፅ የሚሰጠው ቤተሰብ ውስጥ አያቶችም ነበሩ።

የተወዳደረበት ኤክስ ፋክተር ከ2004 ጀምሮ አይቲቪ በተባለው የብሪታንያ ጣቢያ ይተላለፍ የነበረ የዘፈን ውድድር ነው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ዳኞቹ ተወዳዳሪዎቹን በምድብ ይከፋፈሉ ነበር፤ እያንዳንዱ ዳኛ የምድቡ መካሪ ይሆናል። ቀጥታ ስርጭቱ ሲጀምር ሕዝቡ በስልክ ድምፅ ይሰጣል። ዝቅተኛ ድምፅ ያገኙት ሁለቱ እንደገና ይዘፍናሉ፤ ማን እንደሚሰናበት የሚወስኑት ዳኞቹ ነበሩ። በዚያ ዓመት ዳኞቹ ሳይመን ካውል፣ ሻረን ኦዝበርን፣ ሉዊስ ዋልሽና አዲስ የመጣችው አውስትራሊያዊት ዳኒ ሚኖግ ነበሩ። ከ14 እስከ 24 ዓመት ያሉት ወንዶች ለዳኒ ደረሷት። ሊየንም ከእነሱ አንዱ ነበር።

የብዙ ሰው ግምት ግን ሌላ ነበር። በዚያው በዳኒ ምድብ ሪድያን ሮበርትስ የሚባል ዌልሳዊ አለ። ፀጉሩ ነጭ፣ ድምፁ የኦፔራ፣ በራስ መተማመኑ ደግሞ ከበቂ በላይ። አቋማሪዎቹም ያሸንፋል ያሉት እሱን ነው። ሊየን በአንጻሩ መድረክ ላይ ሲቆም በስህተት የተጠራ ሰው ይመስል ነበር። እንደ እኔ እንደ እኔ የጠቀመው ይኸው ነው። ሰው የሚያሳዝነውን ልጅ ይወዳል፤ ጎበዙንማ ያደንቀዋል እንጂ ስልክ አንስቶ አይደውልለትም።

ፍጻሜው ዲሴምበር 15 ቀን 2007፣ ቅዳሜ ማታ ነበር። በዚያ ምሽት ሊየን አብራው የዘፈነችው የመካሪው የዳኒ እህት፣ ታዋቂዋ ዘፋኝ ካይሊ ሚኖግ ናት። ለመደብር ሻጭ ቀላል ነገር አይደለም። ሴም ዲፈረንስ የተባሉት እህትና ወንድም ሦስተኛ ሆኑ። የመጨረሻው ስም ሲጠራ ሊየን ሆነ። አንዳንድ ተመልካቾች ለሪድያን ስንደውል መስመሩ እምቢ አለን ብለው አማረሩ። ጊዜውም ለእንዲህ ያለ ጥርጣሬ የተመቸ ነበር፤ 2007 በብሪታንያ የቴሌቪዥን የስልክ ድምፅ ቅሌት የበዛበት ዓመት ነው። በሌሎች ፕሮግራሞቹ ምክንያት አይቲቪ በቀጣዩ ዓመት ከ5 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተቀጥቷል። የሊየን ውጤት ግን አልተለወጠም። ዳኒ ሚኖግም በዚህ ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት መካሪ ሆነች።

ሽልማቱ 1 ሚሊዮን ፓውንድ የተባለ የቀረጻ ውል ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ የሚታየው እዚህ ነው። አሸናፊው የሚያወጣው ዘፈን ማን እንደሚያሸንፍ ሳይታወቅ አስቀድሞ ተመርጦ ያልቅ ነበር። ለፍጻሜ የደረሱት ሁሉ በየራሳቸው ድምፅ ይቀርጹታል። ስሙ ሲጠራ የአሸናፊው ቅጂ ይለቀቃል፣ የተቀረው እዚያው ይቀራል። የዚያ ዓመት ዘፈን «ዌን ዩ ቢሊቭ» ነበር። በ1998 ማራያ ኬሪና ዊትኒ ሂውስተን አብረው የተጫወቱት፣ በኦሪት ዘፀአት ታሪክ ላይ ለተሠራ የካርቱን ፊልም የተዘጋጀ ዜማ ነው። ዘፈን ተዘጋጅቶ የጠበቀው ልጅ እንጂ ልጅ ዘፈን ይዞ የመጣ አይደለም።

የሚለቀቅበት ቀንም የታሰበበት ነው። ብሪታንያ ውስጥ በገና ሳምንት የዘፈን ሽያጭ ሰንጠረዡን መምራት ትልቅ ክብር ነው፣ ሰው ይወራረድበታል። በ2005 ሼይን ዋርድ፣ በ2006 ሊዮና ልዊስ ከዚሁ ውድድር ወጥተው ወስደውታል። ሊየንም በመጀመሪያው ሳምንት ከ275 ሺህ በላይ ቅጂ ሸጦ አንደኛ ሆነ፤ ሦስት ሳምንት እዚያው ቆየ።

ከዚያ ዝምታ ሆነ። የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው በኦክቶበር 2008፣ ከአሸነፈ ከአሥር ወር በኋላ ነው። ያኔ የሚቀጥለው ዙር ውድድር በአየር ላይ ነበር፤ ሕዝቡ አዲስ ልጅ እየመረጠ ነው። እንዲያም ሆኖ ጅምሩ መጥፎ አልነበረም። ነጠላ ዜማው 3ኛ፣ አልበሙ 4ኛ ደረጃ አገኙ። ተሸናፊው ሪድያን በሚቀጥለው ወር ያወጣው አልበም ግን 3ኛ ገባ። የሊየን ተከታይ ነጠላ ዜማ ደግሞ ከ94ኛ በላይ መውጣት አልቻለም። በማርች 2009 የካውል ኩባንያ ሳይኮ አሰናበተው። ከድሉ እስከ ስንብቱ አሥራ አምስት ወር ነው። ድምፁ አልተበላሸም፤ ጊዜው ነው ያለፈበት።

የሚገርመው፣ እሱ በተሰናበተ በማግስቱ ወር፣ ከዊትበርን አጠገብ ካለችው ብላክበርን ሱዛን ቦይል የምትባል ዘፋኝ ተነሳች። እሷ 48 ዓመቷ ነበር፣ የተወዳደረችውም በሌላ ፕሮግራም ነው። በፍጻሜው ሁለተኛ ወጣች። ሆኖም አልበሟ በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ሆነ።

ዊትበርን ደግሞ ሌላ ዘፋኝ አሳድጋለች። ልዊስ ካፓልዲ ገና ልጅ ሳለ በመጠጥ ቤቶች እየዘፈነ፣ ሥራውን በኢንተርኔት እየለቀቀ ነው ያደገው፤ የቴሌቪዥን ድምፅ አልተሰጠለትም። በ2019 «ሳምዋን ዩ ላቭድ» በተባለው ዘፈኑ ሰባት ሳምንት የብሪታንያን ሰንጠረዥ መርቷል። ሊየን ያሸነፈ ማታ 11 ዓመቱ ነበር፣ የሚኖረውም እዚያችው ከተማ ውስጥ ነው።