ለጀማሪ የፍላይ ዘንግ ክርና ዕቃ ሲመረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች፣ በወይብ፣ በዳንካና በሻያ የተራባው ትራውት የሚባለው ዓሣ ላባ በተጠመጠመበት መንጠቆ ይጠመዳል። ትንኝ ወይም ዝንብ አስመስሎ በሚሠራ መንጠቆ የማጥመዱ ዘዴ ፍላይ ፊሺንግ ይባላል። ጀማሪው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡን ዘንግ ላይ ጨርሶ ክሩን በተረፈችው ሳንቲም ይገዛል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚህ ይጀምራሉ።

«ክር ያው ክር ነው፤ ናይለንም ይሠራል»

አይሠራም። በተለመደው ዘንግ የሚወረወረው ክሩ ላይ የታሰረው የእርሳስ ክብደት ነው፤ ክሩ ከኋላው ተጎትቶ ይሄዳል። እዚህ ግን ዝንቧ፣ ማለትም ላባ የተጠመጠመባት መንጠቆ፣ ክብደት የላትም ማለት ይቻላል። እጅ የሚወረውረው ክሩን ነው፣ ዝንቧ ትከተለዋለች። ለዚህ ነው የፍላይ ክር ፕላስቲክ የለበሰ፣ ወፈር ያለና ከባድ የሆነው። ናይለን ብቻ የተጠመጠመበት ዘንግ የቱንም ያህል ቢወናጨፍ ዝንቧ እግር ሥር ትወድቃለች።

«ዘንጉ ላይ ያለው ቁጥር የሚይዘውን የዓሣ ኪሎ ያሳያል»

ቁጥሩ የሚነግረን ዘንጉ የሚሸከመውን ክር ክብደት ነው። የሚመዘነው የክሩ የፊተኛው 9.14 ሜትር ነው፦ ቁጥር 4 ወደ 7.8 ግራም፣ ቁጥር 5 ወደ 9.1፣ ቁጥር 6 ወደ 10.4፣ ቁጥር 8 ወደ 13.6 ግራም ይሆናል። ለትራውት ጀማሪ 2.74 ሜትር ርዝመት ያለው ቁጥር 5 ዘንግ ከቁጥር 5 ክር ጋር ይበቃዋል። በዚህ ዘንግ ላይ ቁጥር 3 ክር ቢገባ ዘንጉ አይጎብጥም፤ ሰውየው ጉልበት ይጨምራል፣ ክሩም ይጠላለፋል። ቁጥር 8 ቢገባ ደግሞ ዘንጉ ከልክ በላይ ጎብጦ ይለግማል።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። በጠባብ ወንዝ ላይ 9 ሜትር ክር አይወጣም፤ 5 ወይም 6 ሜትር ብቻ ወጥቶ ዘንጉ ሸክሙ አይሰማውም። በዚያ ጊዜ አንድ ቁጥር የሚከብድ ክር በእርግጥ ይረዳል። ሆኖም አንዳንድ ፋብሪካዎች ዛሬ ክሩን ከተጻፈበት ቁጥር አክብደው ስለሚሠሩት፣ አስቀድመው ካርቶኑ ላይ ያለውን ግራም ያንብቡ። አለዚያ ሁለት ጊዜ ያከብዱታል።

«የትኛውም ጫፍ ቢቀድም ለውጥ የለውም»

ካርቶኑ ላይ ደብልዩ ኤፍ 5 ኤፍ (WF5F) ከተባለ፣ ክብደቱ በፊተኛው ክፍል የተከማቸ፣ ቁጥር 5፣ ተንሳፋፊ ክር ማለት ነው። ለጀማሪ የሚሻለውም ይኸው ነው። የኋላው ክፍል ቀጭን ስለሆነ ተገልብጦ ከተጠመጠመ ውርወራው መሐል ላይ ይሞታል። ወደ ሪሉ፣ ማለትም ክሩ ወደሚጠመጠምበት መዘውር፣ የሚገባው ጫፍ ላይ ምልክት ተለጥፎበታል፤ ሳያነቡ አይንቀሉት። ዲ ቲ (DT) የሚባለው ክር ግን በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ጫፍ ሲያልቅ ይገለበጣል።

«አገራችን ሞቃት ናት፤ ትሮፒካል የተባለው ይሻላል»

ትሮፒካል ክር የተሠራው ለሞቀ የባሕር ውሃ ነው፤ ሙቀት እንዳያልፈሰፍሰው ልባሱ ጠንከር ይላል። ትራውት ያለበት የባሌ ውሃ ግን ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጠዋት እጅ ያደነዝዛል። እዚያ ክሩ እንደ ሽቦ ይደርቅና ከሪሉ የወጣበትን ጥቅል ቅርጽ ይዞ ይቀራል። ለቀዝቃዛ ውሃ የተሠራውን ይግዙ።

«ሪሉ ውድ መሆን አለበት»

ለትንሽ ትራውት ሪል የክር መያዣ ነው፤ ዓሣው የሚወጣው ክሩን በእጅ በመሳብ ነው። ከፍላይ ክሩ በታች ግን ባኪንግ የሚባለውን 9 ኪሎ የሚችል ቀጭን ዳክሮን ያስገቡ። ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪቀር ይሙላ፤ ከዚያ ካለፈ ክሩ ከሪሉ ጋር እየተፋተገ ይላጣል።

«ዝንቧ በቀጥታ ወፍራሙ ክር ላይ ትታሰራለች»

በመካከል ሊደር አለ፤ 2.7 ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ናይለን ነው። የጫፉ ውፍረት በኤክስ ይነገራል፤ ቁጥሩ ሲያድግ ክሩ ይቀጥናል። 4 ኤክስ 0.18፣ 5 ኤክስ 0.15 ሚሊ ሜትር ነው። የመንጠቆውን ቁጥር ለ3 ማካፈል ግምቱን ይሰጣል፦ ለ12 ቁጥር መንጠቆ 4 ኤክስ፣ ለ14 ደግሞ 5 ኤክስ ይሆናል። ለትልቅ ዝንብ ክሩ ከቀጠነ ይጠማዘዛል፤ ለትንሿ ከወፈረ ደግሞ ዝንቧ በውሃው ላይ ገትር ብላ ትሄዳለች፣ ትራውቱም ይሸሻታል።

«ዓሣው ካመለጠ ክሩ ደካማ ነበር»

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቋጠሮው ነው። ጫፉን በመንጠቆው ቀዳዳ አስገብተው በዋናው ክር ዙሪያ 5 ጊዜ ያዙሩት፤ ከቀዳዳው አጠገብ ባለችው ቀለበት መልሰው፣ ከዚያ በተፈጠረው ትልቁ ቀለበት ያሳልፉት። በምራቅ ያርጥቡትና ቀስ ብለው ይሳቡት። ደረቁን ከተሳበ በመፋተግ ይሞቅና ይደክማል። ዝንቧ ስትጠፋ የቀረውን ጫፍ ይመልከቱ፦ እንደ አሳማ ጭራ ተጠቅልሎ ከመጣ ቋጠሮው ሾልኳል፤ ቀጥ ብሎ ከመጣ ክሩ ተበጥሷል።